ጭቃ ሹሙን ያስሮጠው የበርበሬ ቅጠል

ተረት ተረት ስላችሁ «የበርበሬ መሬት» በሉ። ጮክ በሉ እንጂ! እንደዚያ ነው። አሁን ዝም ብላችሁ ስሙ። እኔ ወሬ አላበዛም፤ የተናገርሁትንም አልደግምም።

በድሮ ጊዜ፣ ጓሮው ሁሉ በርበሬ በሆነበት አገር፣ ደባሱ የሚባል ጭቃ ሹም ነበረ። ጭቃ ሹም ማለት መንደሩን የሚያዝ ሰው ነው።

ይህ ጭቃ ሹም ማረስ አይችልም። ፈረስ መጋለብም አይችልም። ዳኝነት ላይ ሲቀመጥ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንድ ነገር ግን ይችላል። በርበሬ መብላት ይችላል። ቃሪያን እንደ ቆሎ ይቆረጥማል። ሚጥሚጣን ከመዳፉ ላይ እንደ ስኳር ይልሳል። ምላሱ ጠፍር ነው። ዓይኑ አያለቅስም፣ አፍንጫው አይፈስም፣ ግንባሩን አያልበውም።

«እኔ ደባሱ! እሳት ጎርሼ አመድ የምተፋ!» ይላል ጠዋት ሲነሣ።

«እኔ ደባሱ! እሳት ጎርሼ አመድ የምተፋ!» ይላል ማታ ሲተኛ።

አሮጊት እናቱ እመት ማንጠግቦሽ አብረውት ይኖራሉ። እሳቸው ሆዳቸውን ስለሚያማቸው በርበሬ በአፋቸው አይዞርም። ጥግ ይዘው አልጫቸውን ይበላሉ። ልጃቸው ሲፎክር «እሺ ልጄ» ብለው ይጎርሳሉ።

እንግዲህ ይፎክር። ጉራ በሬ አይነዳም። የደባሱ ጉራ ግን በሬ መንዳት ጀመረ። ሕግ አወጣ።

ሕጉ እንዲህ ነው። በርበሬ በሚለቀምበት ወራት ጭቃ ሹሙ አንድ ሰው ይጠራል። የተጠራው ከፊቱ ይቀመጣል። ጭቃ ሹሙ ቃሪያውን ከነፍሬው፣ ሚጥሚጣውን ከነነፍሱ አስፈጭቶ፣ በእንጀራ ጠቅልሎ፣ «በሞቴ!» ብሎ ያጎርሰዋል። በሞቴ የተባለ ጉርሻ አይመለስም። የሹም ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይመለስም። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሦስት ሲሞላ ያፋቅራል ስለሚባል ጉርሻው ሦስት ነው። ሦስቱንም ውጦ ውኃ ሳይጠይቅ የተነሣ፣ ከጭቃ ሹሙ ቤት የፈለገውን ይወስዳል። «ውኃ!» ያለ ግን ተሸነፈ። ጭቃ ሹሙ ከእሱ ቤት የፈለገውን ይወስዳል።

መጀመሪያ ሞላልኝ ተጠራ። በአንደኛው ጉርሻ «ውኃ!» አለ። ሙክቱ ሄደ።

ቀጥሎ ደምለው ተጠራ። በሁለተኛው ጉርሻ «ውኃ!» አለ። በቅሎው ሄደች።

በሦስተኛው አያ ባይለየኝ ተጠራ። አያ ባይለየኝ ብርቱ ገበሬ ነው። አንደኛውን ዋጠ። ሁለተኛውን ዋጠ። ሦስተኛውን ጎረሰ። ጆሮው ቀላ፤ ጢሙ ቆመ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

«ው...» አለ።

«ምን አልህ?» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ው... ውለታዎን አልረሳም ጌታዬ።»

«ከዚያስ?»

አያ ባይለየኝ ዓይኑን አጉረጠረጠ።

«ውኃ!» ብሎ ጮኸ። ቦራ የሚባለው በሬው ሄደ።

አሁን ልብ በሉ። አያ ባይለየኝ የነበረው አንድ በሬ ነው። ጎረቤቱ አንጓች ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እሷም ያላት አንድ በሬ ነው። የእሷ በሬ ወይኖ ይባላል። ሁለቱ ጎረቤታሞች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው፣ አንድ ቀን የእሱን፣ አንድ ቀን የእሷን መሬት ያርሱ ነበር። ቀንበር ሁለት አንገት ይፈልጋል። ቦራ ሲሄድ ወይኖ ብቻውን ቀረ። በአንድ በሬ የሚታረስ መሬት የለም፤ ካልታረሰ መሬት የሚበላ እህል የለም።

ጭቃ ሹሙም ቦራን ከራሱ በሬ ጋር ጠመደው። ቦራ ተኛ። መቱት፤ ተኛ። ለመኑት፤ ተኛ። የለመደው ከወይኖ ጋር ነውና እምቢ አለ።

«እንግዲያው ወይኖንም አመጣዋለሁ» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ልጄ፣ ተው» አሉ እመት ማንጠግቦሽ ከጥጋቸው። «የሰው በሬ አያጠግብም።»

«እማዬ፣ አንቺ አልጫሽን ብዪ።»

«እሺ ልጄ» ብለው ጎረሱ።

ጭቃ ሹሙም አሽከሩን ፈንቴን ጠርቶ «ለአንጓች ንገራት። በገበያ ማግሥት ትምጣ። ሦስት ጉርሻ አለባት» አለው።

አንጓች ያን ዓመት ሌላም መከራ አግኝቷት ነበር። በረዶ ወርዶባታል። በረዶ እንደ ሹም ነው፤ ደሃ ይመርጣል። የሌላውን ጓሮ ትቶ የእሷን መታ። ጎመኗን በጣጠሰው። የበርበሬዋን አበባና ፍሬ አረገፈው። ባዶ አገዳ ቀረ። ሰነባብቶ ግን አገዳው አቆጠቆጠ። ፍሬ የለውም፤ ቅጠል ብቻ። ለምለም፣ የሚያብለጨልጭ ቅጠል።

በዚያ አገር የበርበሬ ቅጠል የሚበላ ሰው አልነበረም። «ልጁ ምላስ ከላጠ እናቲቱ አንጀት ትልጣለች» ይላሉ። ልጁ የሚሉት ፍሬውን ነው፤ እናቲቱ የሚሉት ቅጠሉን። ማንም ቀምሶ አያውቅም። ሁሉም ግን ያውቃል።

አንጓች ራባት። ረኃብ ደግሞ የሽማግሌ ምክር አይሰማም። አንድ ቀን ፍየሏ ከጓሮ ገብታ ያንን ቅጠል ስትግጥ አገኘቻት። «ወየው ፍየሌ!» ብላ ተቀምጣ ሞቷን ጠበቀች። ፍየሏ አልሞተችም። በማግሥቱም ጋጠች፤ አልሞተችም። በሦስተኛው ቀን ጋጠችና እየዘለለች መጣች። አንጓች በፍየሏ ቀናች።

ለጋ ለጋውን ቀነጠበች። አጠበች። በፈላ ውኃ ቀቀለች። ጨመቀች። ሽንኩርት በኑግ ዘይት አቁላልታ ቅጠሉን ጨመረችበት። ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። ጠበቀች። ምንም የለም። አንድ ዓይኗን ገለጠች። ምንም የለም። ሁለተኛውን ገለጠች። ለስላሳ ነው። መጀመሪያ መረር ይላል፤ ከዚያ ይጥማል። ማቃጠል የሚባል ነገር የለውም። ጎመን ነው።

«ወይ ጨው በኖረኝ!» አለች። ጨው አልነበራትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ቅጠል፣ ማታ ቅጠል በላች። ለማንም ግን አልተናገረችም። «አንጓች ከፍየሏ ጋር ትግጣለች» እንዳይሏት አፈረች።

ፈንቴ መልእክቱን ይዞ ሲመጣ ድስቷ ተጥዶ ነበር።

«እትዬ አንጓች፣ ጌታዬ ይጠሩሻል። ሦስት ጉርሻ አለብሽ።»

«ምን ሊያጎርሱኝ?»

«ሚጥሚጣ ነዋ።»

አንጓች ሚጥሚጣ አትችልም። ጎረቤት ሲወቅጥ እንኳ እሷ ናት የምታስነጥሰው። በበሩ አሻግራ ወይኖን አየችው። ወይኖ ያመሰኳል። ከዚያ ድስቷን አየች። ፊቷን ኮስተር አደረገች።

«ፍሬውን?» አለች። «ፍሬውማ የልጅ ምግብ ነው። እኔ የምበላው እናቲቱን ነው።»

ክዳኑን ገለጥ አደረገችለት። ፈንቴ ቅጠሉን አወቀው። ወደ ኋላው ሄደ፤ ከአጥሩ ጋር ተጋጨ፤ ወደቀ፤ ተነሥቶ ሮጠ።

ወሬ እግር የለውም፤ በቅሎን ግን ይቀድማል። ወንዝ ዳር ሲነሣ «አንጓች የበርበሬ ቅጠል በላች» የሚል ነበር። ገበያ ሲደርስ «በልታ አፏ ጢስ አወጣ» ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ «እፍ ብላ እርጥብ እንጨት አነደደች» ሆነ። ጭቃ ሹሙ ቤት ሲደርስ «አስነጥሳ የጎረቤቷን ጣራ አቃጠለች» ሆነ።

ሰዎች ለማጣራት ወደ ጎረቤቷ መጡ።

«አያ ባይለየኝ፣ ጣራህ ተቃጠለ ወይ?»

አያ ባይለየኝ የበሬው ነገር አንጀቱን አቃጥሎታል። ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ጣራው ደኅና ነው።

«እሳቱ ጠፋ» አላቸው።

ጭቃ ሹሙ ይህን ሲሰማ «ቅጠል? ኧረ ቅጠል!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ። «ፈንቴ» አለ። «ሂድና በአጥር ሥር አይተህ ና።»

ፈንቴ ሄደ። ፈንቴ ጆሮው ትልልቅ ነው፤ ራሱን ቢደብቅም ጆሮው ይቀራል። አንጓች ከአጥሩ በላይ ሁለት ጆሮ አየች። ወዲያው ቤት ገባች፤ እጇን በቁርበት ጠቅልላ ወጣች፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ መቀንጠብ ጀመረች።

«እህስ?» አለ ጭቃ ሹሙ፣ ፈንቴ ሲመለስ።

«ጌታዬ፣ እጇን በቁርበት ጠቅልላ ነው የምትቀነጥበው።»

«ሌላስ?»

«በቀነጠበች ቁጥር ቅጠሉን ይቅርታ ትጠይቀዋለች።»

ያን ዕለት ጭቃ ሹሙ እራቱን አልበላም።

በማግሥቱ «ፈንቴ፣ ስታበስል አይተህ ና» አለው። ፈንቴ ሄደ። አንጓች ጆሮዎቹን አየች። ድስቱን አውጥታ ደጅ ጣደች። ራሷ ቤት ገባች። ሞፈሩን አንሥታ በበሩ አወጣችና እቤት ሆና ማማሰል ጀመረች።

«እህስ?»

«ጌታዬ፣ በሞፈር ነው የምታማስለው!»

«በሞፈር? በማረሻው ሞፈር?»

«አዎ ጌታዬ። ድስቱ ደጅ፣ እሷ ቤት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።»

«በሬውስ?»

«በሬውም ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።»

ወይኖ ጀርባውን የሰጠው ፀሐይ ስለሸሸ ነው። ይህን ግን ጭቃ ሹሙ አላወቀም። ያን ዕለት ምሳውንም እራቱንም አልበላም።

በሦስተኛው ቀን «ፈንቴ፣ በአጥር ሥር መሆኑ ይቅር» አለው። «በደጃፏ ግባ። በሞቴ ብለህ ጠይቃት። በሞቴ ሲባል ሰው አይዋሽም።»

ፈንቴ ሄደ። ድስቱን በሩቁ ዞሮ በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ አንጓች፣ በሞቴ እውነቱን ንገሪኝ። ይህ ነገር ምንድን ነው?»

አንጓች በሞቴ ተብላለች፤ መዋሸት አይሆንም። «እውነቱን?»

«እውነቱን።»

«ጎመን ነው» አለች። «እንደ ጎመን ነው፤ አያቃጥልም። ያጣው ጨው ብቻ ነው።»

ፈንቴ ሮጠ።

«ምን አለች?»

«ጎመን ነው አለች ጌታዬ። አያቃጥልም አለች።»

«ስትናገር ስቃለች?»

«አልሳቀችም።»

የጭቃ ሹሙ ፊት አመድ መሰለ። «አለቀልኝ» አለ። «ይህን እሳት ሳትስቅ ጎመን ነው የምትል ሴት ሆዷ ምን ቢሆን ነው!»

እመት ማንጠግቦሽ ከጥጋቸው ቀና አሉ። «ጎመን ነው ካለች ጎመን ይሆናላ ልጄ።»

«እማዬ! አንቺ ስለ በርበሬ ምን ታውቂያለሽ?»

«እሺ ልጄ።»

ያን ዕለት ጭቃ ሹሙ ቁርሱንም፣ ምሳውንም፣ እራቱንም አልበላም። ሆዱ ባዶ ሆነ፤ ጉር ጉር ማለት ጀመረ። እሱ ግን «ገና ሳልቀምሰው ጀመረኝ» አለ።

የገበያ ማግሥት ደረሰ። አገሩ በሙሉ ከጭቃ ሹሙ ግቢ ተሰበሰበ። ቦታ ያጣው አጥር ላይ ወጣ። አንጓችና አያ ባይለየኝ መጡ። አመጣጣቸው እንዲህ ነው። ቦራና ወይኖ የሚጠመዱበትን ቀንበር እነሱ ተሸክመዋል፤ እሱ በአንደኛው ጫፍ፣ እሷ በሌላው። ድስቱ ከመሐል በጠፍር ተንጠልጥሏል። ሁለቱም አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ። ውሻ እንኳ አልጮኸም።

ጭቃ ሹሙ ካባውን ደርቦ ተቀምጧል። ከሳ ብሏል። ከፊቱ የተፈጨው ሚጥሚጣ በጣባ ቀርቧል።

«ቅረቢ» አለ። «እኔ ላጉርስሽ።»

አንጓች እጅ ነሥታ ቆመች። «ጌታዬ፣ እስከ ዛሬ የተጠራ ሁሉ ባዶ እጁን መጥቶ የእርስዎን በላ። እኔ ግን ድስት ይዤ መጥቻለሁ። አብስሎ የመጣ እንግዳ ምን ያደርጋል?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሞላልኝ ሙክቱን አስታወሰ። ደምለው በቅሎውን አስታወሰ።

«ያበሰለ ቀድሞ ይቀምሳል፤ ከዚያ ያጎርሳል» አለ ሞላልኝ።

«የአገሩ ወግ ነው» አለ ደምለው።

«የአገሩ ወግ ነው!» አለ ከአጥሩ ላይ ያለው ሁሉ።

ጭቃ ሹሙ እምቢ ቢል ፈራ ይባላል። እሳት ጎርሶ አመድ የሚተፋ ሰው እንዴት ይፈራል? «ይሁን» አለ። ድምፁ ግን ቀጠነ።

አንጓች ክዳኑን አነሣች። ፊተኛው መሥመር ወደ ኋላ ሄደ፤ ኋለኛው መሥመር ከአጥር ወደቀ። እሷ በእንጀራ ጠቅልላ ጎረሰች። አላመጠች። ዋጠች። ዓይኗ አላለቀሰም። ሁለተኛ ጎረሰች። አፍንጫዋ አልፈሰሰም። ሦስተኛ ጎረሰች። ግንባሯን አላላባትም። ከዚያ ጣቷን ላሰች።

«ጣቷን ላሰች!» አለ አንዱ። ሌላው አማተበ።

አሁን ለጭቃ ሹሙ ጠቀለለች። ዳጎስ ያለ ጉርሻ ነው።

«ጌታዬ፣ በሞቴ!»

ጭቃ ሹሙ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ። ጎረሰ። የምላሱን መቃጠል ጠበቀ። ጠበቀ። ምላሱ ምንም አልተሰማውም። ያን ጊዜ ነው የደነገጠው። «ምላሴ ሞተ!» አለ በሆዱ። «ገና በአንዱ ጉርሻ ምላሴን ገደለችው! በሕይወት ቢኖር እንዴት አይሰማውም?» ግንባሩ ላብ አወጣ። ከተወለደ ጀምሮ ግንባሩን አልቦት አያውቅም።

«አላበው! አላበው!» አለ ሕዝቡ።

«እንዴት ነው ጌታዬ?» አለች አንጓች።

«ም... ምንም አይል።»

«እንግዲያው በሞቴ፣ ሁለተኛ!»

ጎረሰ። ዋጠ። የጉሮሮውን መቃጠል ጠበቀ። ጉሮሮውም ምንም አልተሰማውም። «ጉሮሮዬም ሞተ!» አለ በሆዱ። ዓይኑ እንባ ሞላ። አልቅሶ አያውቅም፤ አሁን ለገዛ ጉሮሮው አለቀሰ።

«አለቀሰ! አለቀሰ!»

«አሁንስ እንዴት ነው ጌታዬ?»

«ጥ... ጥሩ ነው። ይብቃን መሰል።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ሁለት ላይ ቆመን ልንጣላ ነው? በሞቴ፣ ሦስተኛ!»

ጎረሰ። ዋጠ። ያን ጊዜ ባዶው ሆዱ ምግብ አገኘና «ጉርርርር!» አለ። ግቢው ሁሉ ሰማው።

«ነደደ!» ብሎ ዘለለ ጭቃ ሹሙ። «ሆዴ ነደደ! ሰማችሁት! ሲፈላ ሰማችሁት! ውኃ! ውኃ! ውኃ!»

ሦስት ጊዜ ነው ያለው። አንዴ ይበቃ ነበር። ካባውን ጥሎ ሮጠ። ፈንቴ ውኃ በቅል ይዞ ተከተለው፤ አልደረሰበትም። ጭቃ ሹሙ የበቅሎዎቹን ገንዳ አገኘ። ራሱን እስከ ትከሻው ነከረ። የደምለው በቅሎ ከዚያ ትጠጣ ነበር፤ ቀና ብላ አየችውና ቦታ ለቀቀችለት።

ሕዝቡ ድስቱን ትቶ ወደ ገንዳው ዞረ። እመት ማንጠግቦሽ ብቻ አልዞሩም። ዱላቸውን ተመርኩዘው ከጥጋቸው ተነሡ። ቀስ እያሉ ድስቱ ዘንድ ደረሱ። አጎንብሰው አሸተቱ። ቁጭ አሉ። ጠቅለል አድርገው ጎረሱ።

«እመቴ! ይሞታሉ!» ብሎ ጮኸ ፈንቴ።

እመት ማንጠግቦሽ አላመጡ። ጥርስ የላቸውም፤ ስለዚህ ቆዩ። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። ጭቃ ሹሙ ራሱን ከገንዳው አወጣ፤ ከጢሙ ውኃ ይንጠባጠባል።

«እማዬ!» አለ። «እማዬ፣ ትፊው!»

አሮጊቷ ዋጡ። ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

ደግመው ጎረሱ።

«እማዬ፣ አያቃጥልሽም?»

«ምኑ ልጄ? ጎመን እኮ ነው።» ሦስተኛ ጎረሱ። «ጥሩ ጎመን ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አልጫ ብቻ ስበላ አንድ ሰው አይነግረኝም?»

ከዚያ አያ ባይለየኝ ከሆዱ ሳቀ። ሞላልኝ ሳቀ። ደምለው መሬት ላይ ተንከባለለ። አጥሩ በሳቅ ፈረሰ፤ ላዩ ላይ የነበሩትም ወድቀው እዚያው መሬት ላይ ሳቁ።

ጭቃ ሹሙ እየተንጠባጠበ መጣ። «ተታለልሁ!» አለ። «ይህ በርበሬ አይደለም! ውድድሩ ፈርሷል! አንቺ ውሸታም!»

«ጌታዬ፣ እኔ መች ዋሸሁ?» አለች አንጓች። «ፈንቴ በሞቴ ብሎ ጠየቀኝ። ጎመን ነው፣ አያቃጥልም አልሁት። ፈንቴ፣ አላልሁህም?»

«ብላኛለች» አለ ፈንቴ። «ለእርስዎም ነግሬአለሁ ጌታዬ። ሳትስቅ ነው ያለችው።»

ጭቃ ሹሙ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ አንቺ ፍረጂ።»

እመት ማንጠግቦሽ አፋቸው እስኪለቅ አስጠበቁት።

«ልጄ፣ ሕጉን ማን አወጣው?»

«እኔ።»

«ሕጉ ውኃ ያለ ተሸነፈ ነው የሚለው ወይስ የተቃጠለ ተሸነፈ ነው የሚለው?»

«ውኃ ያለ።»

«አንተ ምን አልህ?»

ጭቃ ሹሙ አንገቱን ደፋ። ከጢሙ የሚንጠባጠበው ውኃ መልስ ሰጠ።

«ሴትዮ፣ ከቤቱ የምትፈልጊውን ንገሪው» አሉ እመት ማንጠግቦሽ።

«ቦራን እፈልጋለሁ» አለች አንጓች። «የሞላልኝን ሙክት እፈልጋለሁ። የደምለውን በቅሎ እፈልጋለሁ። ሕጉንም እፈልጋለሁ፤ ወስጄ የትም እጥለዋለሁ። ደግሞ...»

«ደግሞ ምን?» አለ ጭቃ ሹሙ ፈርቶ።

«አንድ አሞሌ ጨው።»

ሰጣት። ምን ያድርግ?

ቦራ ከበረት ሲወጣ ማንም አልነዳውም። እየሮጠ ወደ ወይኖ ሄደ። በማግሥቱ ሁለቱ ተጠመዱ፤ አያ ባይለየኝ ዕርፉን ያዘ፤ መሬቱ ታረሰ። ሞፈሩ ግን እስከ መጨረሻው ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር በረዶ ሲወርድ ማንም አይራብም። ፍሬው ቢረግፍ ቅጠሉን ቀንጥበው፣ ቀቅለው፣ ጨምቀው፣ ጨው አድርገው ይበላሉ። እመት ማንጠግቦሽ እየወፈሩ ሄዱ። ለጭቃ ሹሙም በጾም እናቱ ይሰጡታል፤ ይበላል። ነገር ግን ውኃ ከአጠገቡ አስቀምጦ ነው የሚበላው። «እኔ ደባሱ! እሳት ጎርሼ...» ብሎ ሲጀምር፣ ከመንገድ አንዱ «ጎመን!» ይለዋል።

እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል ይባላል። ደባሱ ግን እባቡ ራሱ ሆኖ ሳለ ነው በልጥ የደነገጠው። የሌላውን አፍ ሲያቃጥል የኖረ፣ የሚጎርሰው ሁሉ እሳት ይመስለዋል። ስለዚህ ያገሬ ሰው ምን አለ?

ልብ ከፈራ ጎመን ያቃጥላል።

ተረቴን መልሱ፤ ጨዉን ነስንሱ። በቃ፣ ተነሡ፤ በሬዎቹ ውኃ አልጠጡም።